ለአንድ ታካሚ የተለካ የራስ ቅል ኢምፕላንት ከኮምፖዚት ማተም፦ ከሲቲ ስካን እስከ ቀዶ ጥገና ክፍል

ስሪዲ ፕሪንተር የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያትማል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ስካን ሲነበብ የገባ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት፣ ዱቄት ውስጥ የቀረ ጓል፣ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ፋይል፣ ሁሉም ማንም ሳያስቆማቸው ታካሚው ራስ ላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ እዚህ ብዙ የምንቆየው ፕሪንተሩ ከመብራቱ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው።

ለማሳያ የያዝነው ሥራ የአዋቂ ሰው የራስ ቅል አንድ ጎን ላይ ያለን ክፍተት የሚሞላ፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኢምፕላንት ነው። ቁሱ ኮምፖዚት፣ ማለትም የፕላስቲክና የሴራሚክ ቅልቅል ነው፦ በክብደት 80% ፖሊካፕሮላክቶን (ፒሲኤል) እና 20% ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት (ቲሲፒ) ነው። ሰው ላይ የሚገባ ነገር ስለሆነ የአገሩ የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ፈቃድ፣ በአይኤስኦ 13485 የሚመራ የጥራት ሥርዓት እና በአይኤስኦ 10993 የተደረገ የባዮሎጂ ተስማሚነት ምርመራ ያስፈልገዋል። እነዚህ በሌሉበት የታተመ ነገር የላቦራቶሪ ናሙና ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ቁሱ ለምን ይሆናል፣ ለምን አይሆንም

ፒሲኤል 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚቀልጥ፣ ሰውነት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ የሚፈርስ ፕላስቲክ ነው። ብቻውን ሲሆን ውኃ አይወድም፤ የአጥንት ሕዋስም በቀላሉ አይይዘውም። ቲሲፒ የሚጨመረው ለዚህ ነው፦ ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚቀራረብ የካልሲየም ፎስፌት ሴራሚክ ነው፣ ሕዋሳት ይይዙታል፣ ሰውነትም ይመጠዋል።

ቀዳዳማ ሆኖ ሲታተም ግን ግትርነቱ በአሥር ቤት የሚቆጠር ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ጠንካራው የውጭ አጥንት ከ10 እስከ 20 ጊጋፓስካል (አንዱ ጊጋፓስካል 1000 ሜጋፓስካል ነው) አለው። ስለዚህ የጭን ወይም የቅልጥም አጥንት ላይ የብረት ፕሌት ሳይደግፈው ብቻውን አይገባም፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ አጥንትን የሚመራ ድጋፍ እንጂ ሸክም ተሸካሚ አይደለም። ቋሚ ጥንካሬ ከተፈለገ ፒክ የተባለው ፖሊመር ከሃይድሮክሲአፓታይት (የአጥንት ማዕድን ዓይነት ሴራሚክ) ጋር ይሻላል፤ ግትርነቱ ከ3 እስከ 4 ጊጋፓስካል ነው፣ አውቶክሌቭም (በሞቃት እንፋሎት ጀርም መግደያ) ይችላል። ነገር ግን የሚቀልጠው በ343 ዲግሪ ስለሆነ ኖዝሉ (የቀለጠው ቁስ የሚወጣበት አፍ) 400 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ፣ የማተሚያ ሣጥኑም የሚሞቅ ፕሪንተር ይጠይቃል። የታካሚው ቁስል ኢንፌክሽን ካለበት ደግሞ የቁሱ ምርጫ ጥያቄ ገና አልደረሰም።

ስካኑን ስታዝዙ

የተለመደው የምርመራ ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ከራዲዮሎጂ ክፍሉ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ የቁራጭ ውፍረት ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር፣ ቢቻል 0.625፤ ጋንትሪው (የስካነሩ ቀለበት) ያልዘመመ፤ የምስሉ ስፋት ከ250 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ። በ512 በ512 ፒክስል ላይ 250 ሚሊ ሜትር ማለት አንዱ ፒክስል 0.49 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ 500 ከሆነ ፒክስሉ 0.98 ይሆናል፣ ግማሹ ዝርዝር ጠፋ ማለት ነው። ምስሉን የአጥንት ጠርዝ በሚያጎላው ስለታም ማጣሪያ ብቻ አትቀበሉ። ለዓይን ደስ ይላል፣ ለመለካት ግን ጠርዙን ያጋንናል፣ ጫጫታም ይጨምራል። መካከለኛውን ማጣሪያም አብረው እንዲልኩ ጠይቁ፣ የምትሠሩትም በእርሱ ይሁን። የምትቀበሉት ፋይል ሙሉው ዳይኮም (የሕክምና ምስል መደበኛ ፋይል) ነው እንጂ ከስክሪን የተቀዳ ምስል አይደለም።

የተቆረጠ አጥንት ጠርዝ ከጊዜ ጋር ይለሰልሳል፣ ይሟሟል፣ ቅርጹንም ይለውጣል። ስካኑ ከወራት በፊት የተነሳ ከሆነ አዲስ ይነሳ። በልጅ ላይ ደግሞ ጭንቅላቱ ራሱ ስለሚያድግ አዲስ ስካን ግዴታ ነው፤ ቋሚ ኢምፕላንትም ልጅ ላይ ሌላ ውይይት ይፈልጋል።

አጥንቱን ከስካኑ መለየት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሶፍትዌሩ (ለመማሪያ ስሪዲ ስላይሰር ነፃ ነው) አጥንትን የሚለየው በሃውንስፊልድ ቁጥር፣ ማለትም ሲቲ ስካን ለእያንዳንዱ ነጥብ በሚሰጠው የጥግግት ልክ ነው። ከተሰጠው ቁጥር በላይ ያለው አጥንት ይባላል፣ በታች ያለው ይጣላል። ቁጥሩን ከፍ ካደረጋችሁ የራስ ቅሉ ጠርዝ ይሸረሸራል፣ ክፍተቱ ከእውነቱ ሰፍቶ ይታያል፣ ኢምፕላንቱም አልገባ ይላል። ዝቅ ካደረጋችሁ ክፍተቱ ይጠባል፣ ኢምፕላንቱ ሲገባ ይወላወላል። በሶፍትዌሮች ላይ ተዘጋጅቶ የሚገኘው 226 ሃውንስፊልድ መነሻ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

የምንመክረው እንዲህ ነው፦ የክፍተቱ ጠርዝ ላይ ካለው አጥንት ስምንት አሥር ቦታ ላይ ቁጥሩን አንብቡ፣ ከጎኑ ካለው ሥጋም እንዲሁ። አጥንቱ 1100፣ ሥጋው 40 ቢሆን መካከላቸው 570 ነው፤ ትክክለኛው ጠርዝ ያለው እዚያ አካባቢ ነው። አጥንቱ በጣም ከሳሳ ግን፣ ለምሳሌ ከጆሮ በላይ ባለው ቦታ፣ ፒክስሉ አጥንትና ሥጋን ስለሚያደባልቅ ይህ መካከለኛ ቁጥር አጥንቱን ይበላዋል። እዚያ ቁራጭ በቁራጭ በእጅ መሥራት ነው፤ አቋራጭ የለውም።

አሁን ወጥመዱን ተመልከቱ። ብዙ ቡድን የታካሚውን የራስ ቅል ሞዴል በርካሽ ፕላስቲክ ያትምና ኢምፕላንቱን ገጥሞ ይሞክራል። ሲገጥም ደስ ይላል፣ ፎቶ ይነሳል። ነገር ግን ሞዴሉም ኢምፕላንቱም ከአንድ ፋይል፣ በአንድ ቁጥር የወጡ ናቸው፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ሁለቱም እኩል ተሳስተው እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ሙከራው ፕሪንተሩን ይፈትናል፣ ስካኑን ማንበባችሁን አይፈትንም። ለዚያ የሚሆነው የክፍተቱን ርዝመትና ወርድ ራዲዮሎጂስቱ በራሱ መመልከቻ፣ እናንተ ያወጣችሁትን ሳያይ ለክቶ እንዲሰጣችሁ ማድረግ ነው። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ግራና ቀኝም እንደዚሁ ነው። ዳይኮምና አንዳንድ የሞዴል ሶፍትዌሮች የግራ ቀኝን አቅጣጫ በተለያየ ምልክት ስለሚጽፉ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ መስታወት ሊገለበጥ ይችላል። የተገለበጠ ኢምፕላንት በተገለበጠ ሞዴል ላይ አምሮ ይቀመጣል። ኤስቲኤል (ለማተም የሚወጣው የስሪዲ ቅርጽ) ፋይል ደግሞ መለኪያ አሃድ አይጽፍም፤ ሚሊ ሜትሩን ኢንች ብሎ የሚከፍት ሶፍትዌር አለ፣ ይኼኛው ግን መጠኑ ወዲያው ስለሚያስታውቅ ብዙ አያስፈራም።

ቅርጹን ማውጣት

ክፍተቱ አንድ ጎን ላይ ከሆነ ጤነኛው ጎን ይገለበጥና ጎዶሎው ላይ ይጫናል። የሰው ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ የተመጣጠነ ስላልሆነ ጠርዙ አካባቢ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እርከን ይፈጠራል፤ ከቆዳ ሥር እንዳይታወቅ በእጅ ይለስልስ። መሃሉን የሚያቋርጥ ክፍተት ላይ የሚገለበጥ ነገር ስለሌለ ቅርጹ የሚገመተው ከዙሪያው አጥንት ነው።

በዙሪያው ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ዜሮ ክፍተት ያለው ኢምፕላንት ስክሪን ላይ ትክክል ነው፣ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ግን አይገባም፤ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ አጥንቱ ከኢምፕላንቱ ጋር አይነካካም። የጎን ግድግዳው ከውጭ ወደ ውስጥ በትንሹ እየጠበበ እንዲሄድ አድርጉ፤ ከላይ ሲጫን እንዲቀመጥና ወደ አንጎል ሽፋን እንዳይሰምጥ ነው። ብሎን የሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ ቀዳዳማነት አይኑር። ዲያሜትራቸው 6 ሚሊ ሜትር ያህል የሆኑ ሙሉ ጠጣር ጆሮዎች ይውጡላቸው፤ ቀዳዳማ ቦታ ላይ የተጠበቀ ብሎን ክሮቹን ጨፍልቆ ይላላል። በመጨረሻም ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስትና የጎኑን ፊደል በውጭኛው ገጽ ላይ ቅረጹ።

የውስጥ መዋቅሩ በክሮች ይሠራል፦ አንዱ ንጣፍ በ0 ዲግሪ፣ ቀጣዩ በ90። የክሩ ውፍረት 0.4፣ ከክር መሃል እስከ ክር መሃል 1.0፣ የንጣፉ ከፍታ 0.32 ሚሊ ሜትር ከሆነ በክሮች መካከል 600 ማይክሮን ይቀራል። ቀዳዳማነቱን ለማግኘት የክሩን ቁርጥ ገጽ ስፋት (3.14 × 0.4 × 0.4 ÷ 4 = 0.126) በ1.0 × 0.32 አካፍላችሁ ከ1 ቀንሱ፤ 61% ይመጣል። ደም ሥርና አጥንት እንዲገቡ ከ300 ማይክሮን በላይ ይመረጣል፤ ከ600 ብዙ ካለፈ ግን ጥንካሬው በፍጥነት ይወርዳል።

ቅልቅሉ

100 ግራም ለማዘጋጀት 80 ግራም ለኢምፕላንት የተመረተ ፒሲኤል እና 20 ግራም ቲሲፒ ይመዘናል። ከየአምራቹ የምስክር ወረቀት ጋር፤ የፒሲኤሉ ወረቀት ሞለኪዩላር ክብደቱንና ከምርቱ የቀረውን የቆርቆሮ ካታሊስት መጠን መግለጽ አለበት። 20% ብዙ ይመስላል፣ ግን በክብደት ነው። ቲሲፒ በሴንቲ ሜትር ኩብ 3.07 ግራም፣ ፒሲኤል 1.145 ስለሆኑ ሴራሚኩ ከይዘቱ (ከቮልዩሙ) የሚይዘው 8.5% ብቻ ነው። በክብደት 40% ብታደርጉት ወደ 20% ይጠጋል፤ ፊላመንቱ (ፕሪንተሩ የሚመገበው ክር) ግን እየተሰባበረ ያስቸግራል፣ ኖዝሉም ይደፈናል።

ዱቄቱን በ110 ዲግሪ ሌሊቱን አድርቁ፣ ሳይቀዘቅዝ ክዳን ግጠሙለት። ከዚያ በ38 ማይክሮን ወንፊት ንፉት። አንድ ቅንጣት ከኖዝሉ ቀዳዳ አንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም፤ ለ0.4 ሚሊ ሜትር ኖዝል 40 ማይክሮን ማለት ነው። አምራቹ «5 ማይክሮን» ብሎ የሸጠላችሁ ዱቄትም መነፋት አለበት፤ ቅንጣቶቹ 5 ማይክሮን ሆነው ተጓጉለው 100 ማይክሮን የሚሆኑት እርጥበት ሲያገኛቸው ነው። ፒሲኤሉ በቫኪዩም በ40 ዲግሪ ይደርቃል፤ 60 አካባቢ ከደረሰ እንክብሎቹ ይጣበቃሉ።

ማደባለቂያው ባለሁለት ብሎን ኤክስትሩደር (ቁስን አቅልጦ የሚገፋ ማሽን) ቢሆን ይመረጣል፣ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ሙቀት። ባለአንድ ብሎኑ ማሽን ጓል አይሰብርም፤ ያለው እርሱ ብቻ ከሆነ የወጣውን ፊላመንት ከትክታችሁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መልሳችሁ አሳልፉት። ሌላው መንገድ ፒሲኤልን በክሎሮፎርም ወይም በዳይክሎሮሜቴን አሟሙቶ ዱቄቱን መጨመር ነው። ድብልቁ ይበልጥ ወጥ ይሆናል፤ ሟሚውን ማስወጣት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለመድኃኒት የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን ለዳይክሎሮሜቴን 600፣ ለክሎሮፎርም 60 የሚሊዮን ክፍልፋይ ነው፣ ማድረቁም በአፍንጫ ሳይሆን በጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው የሚረጋገጠው። ያ መሣሪያ ከሌላችሁ ሟሚ አትጠቀሙ።

ከፊላመንቱ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ 1 ግራም 1 ግራም ቆርጣችሁ በተመዘነ ክሩሲብል (ሙቀት የሚችል የላቦራቶሪ ጽዋ) ውስጥ በ600 ዲግሪ ለ2 ሰዓት አቃጥሉ። ፒሲኤሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ቲሲፒው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ስትመዝኑ ከ0.19 እስከ 0.21 ግራም መሆን አለበት። ሦስቱ ናሙናዎች 0.20፣ 0.17 እና 0.23 ከሰጡ አማካዩ ትክክል ነው፣ ቅልቅሉ ግን አልተደባለቀም፤ ጥቅልሉ ይጣል። ቅሪቱ ግራጫ ከሆነ ካርቦን አለበት፣ ቃጠሎው አላለቀም፣ መልሱት።

የፊላመንቱ ውፍረት 1.75 ሚሊ ሜትር፣ ልዩነቱም ከ0.05 ያልበለጠ ይሁን።

ማተም

ፒሲኤል ለስላሳ ስለሆነ ክሩን በረጅም ቱቦ የሚገፋ ፕሪንተር ያጣጥፈዋል። ሞተሩ ኖዝሉ ላይ የተቀመጠ ወይም እንክብልን በቀጥታ የሚያቀልጥ መሣሪያ ምረጡ። ኖዝሉ የናስ አይሁን፤ ሴራሚኩ ይፍቀዋል፣ ብዙው ናስም እርሳስ አለበት። የጠነከረ ብረት ወይም ስቴንለስ ይሁን።

መነሻ ልኮች፦ ኖዝል ከ110 እስከ 130 ዲግሪ፣ ሰሌዳ ከ30 እስከ 35፣ ፍጥነት በሴኮንድ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ማቀዝቀዣው ከሁለተኛው ንጣፍ ጀምሮ በሙሉ ኃይል። ሰሌዳው ላይ ሙጫ ወይም ስፕሬይ አይቀባ፤ የቀባችሁት ኢምፕላንቱ ላይ ይቀራል። በአልኮል የተጠረገ መስታወትና ኋላ የሚቆረጥ ሰፊ የዳር ንጣፍ ይበቃል።

ስላይሰሩ (ቅርጹን በንጣፍ ከፋፍሎ ለፕሪንተሩ የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር እንጂ ከላይ ያነሳነው ስሪዲ ስላይሰር አይደለም) ላይ የላይና የታች ጠጣር ንጣፎችን ዜሮ አድርጉ፣ ሙሌቱን ወደ 40%። የዳር ግድግዳን በተመለከተ ሰዎች ይለያያሉ። ግድግዳ ከሌለ የክሮቹ ጫፍ ልቅ ሆኖ ይበተናል፤ በሁሉም ንጣፍ ካለ ደግሞ አጥንት የሚገባበት በር፣ የጠርዙ ቀዳዳ፣ ይዘጋል። እኛ የምንመርጠው በየሦስተኛው ንጣፍ አንድ ግድግዳ ማድረግን ነው።

ስላይሰሮች ክሩ የተደፈጠጠ ነው ብለው ፍሰቱን ያሰላሉ፤ በባዶ ላይ የሚዘረጋ ክር ግን ክብ ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር በዚህ ምክንያት ከሚያስፈልገው 15% ያህል አሳንሶ ያወጣል፤ ክሩ እየሳሳ ይበጠሳል። ይህን የምትይዙት በሚዛን ነው። የቅልቅሉ ጥግግት በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.31 ግራም ስለሆነ፣ በዚሁ ልክ፣ ግድግዳ ሳይኖረው የታተመ 10 በ10 በ10 ሚሊ ሜትር ኩብ 0.51 ግራም ያህል መመዘን አለበት። 0.60 ከሆነ ቀዳዳማነቱ ወደ 54% ወርዷል፣ ፍሰቱን ቀንሱ። 0.43 ከሆነ ጨምሩ።

ፒሲኤል የሚረጋው ቀስ ብሎ ነው። ትንሽ ክፍል ላይ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ቶሎ ቶሎ ከተጫነ የታችኛው ገና ለስላሳ ነው፣ ክሩ ቀዳዳው ውስጥ ይንጠለጠላል። ከጎን ስታዩት የላይኞቹ ቀዳዳዎች ክፍት፣ የታችኞቹ ጠፍጣፋ ከሆኑ ምክንያቱ ይህ ወይም የሞቀ ሰሌዳ ነው፤ ከኢምፕላንቱ ጎን ሁለተኛ ቁራጭ አብሮ ማተም ጊዜ ይሰጠዋል። ያ ቁራጭ በከንቱ አይደለም፦ ሁለት የምስክር ኩቦች ሁልጊዜ አብረው ይታተሙ፤ አንዱ ለመጭመቅ ሙከራ፣ አንዱ ለማስቀመጥ። ክሩ በየመሃሉ እየተቆራረጠ ከወጣ ሙቀት ከመጨመራችሁ በፊት ኖዝሉን ነቅላችሁ በማጉያ እዩ፤ ጓል ከሆነ ሙቀት አያወጣውም።

ልኩን የምታረጋግጡት በ24 ሰዓቱ ነው፤ ወዲያው የተለካ ፒሲኤል ገና ይሰበሰባል። 40 ሚሊ ሜትር ዘንግ አትማችሁ በማግስቱ 39.6 ካገኛችሁ ያንን አቅጣጫ በ1.01 አባዙት፤ ሦስቱንም አቅጣጫ ለየብቻ።

ማጽዳትና ስቴራላይዜሽን (ከጀርም ነፃ ማድረግ)

የታተመው ክር ላይ ቲሲፒው በስስ የፒሲኤል ቆዳ ተሸፍኖ ይቀራል። ቆዳውን ለመግፈፍ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ይነከራል፤ ጥንካሬው ከ1 እስከ 5 ሞላር፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ፣ ጊዜው ከሰዓታት እስከ አንድ ሌሊት። ክሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ጊዜውን በምስክር ኩብ ወስኑ፦ ከነከራችሁ በኋላ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ መዝኑ፣ ከ2 እስከ 3% በላይ ክብደት ካጣ በዝቷል። የታጠበበት ውኃ ፒኤች ገለልተኛ እስኪሆን በተጣራ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ አልካሊ ሥጋ ያቃጥላል። ከዚያ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ውኃ፣ በቫኪዩም ከ40 ዲግሪ በታች ማድረቅ። ክሎሮፎርምና መሰል ሟሚ አጠገቡ አይድረስ።

አውቶክሌቭ አይታሰብም፤ 121 ዲግሪ ላይ የሚወጣው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። ዋናው አማራጭ ኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለው ጀርም ገዳይ ጋዝ ነው፣ ያውም በ37 ዲግሪ አካባቢ ባለው ዝቅተኛ ዙር። የተለመደው የ55 ዲግሪ ዙር ከመቅለጫው በጣም ስለሚቀርብ ኢምፕላንቱን ያጣምማል። ጋዙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለሚቆይ የማናፈሻ ጊዜው ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ቅሪቱም በአይኤስኦ 10993 ክፍል 7 ይለካል። ጋማ ጨረር በ25 ኪሎግሬይ ይሠራል፣ ግን የፒሲኤሉን ሞለኪዩል ስለሚለውጥ የመፍረሻ ፍጥነቱን አብሮ ይለውጣል፤ ከመረጣችሁት ሁሉም ሙከራ ከጨረር በኋላ በወጣ ናሙና ይሁን። በአጠቃላይ ከስቴራላይዜሽን በፊት የተለካ ልክ ልክ አይደለም፤ ምስክር ኩቡም አብሮ ገብቶ ወጥቶ ነው የሚለካው።

ርክክብ

ጥቅሉ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ኢምፕላንት ሳይቀልጥም ሊጣመም ይችላል፤ የሙቀት ጠቋሚ ምልክት ያለው ሣጥን ይህን ያጋልጣል።

ለቀዶ ሐኪሙ በጽሑፍ የሚሰጠው መረጃ አጭር ነው፦ ጠርዙን ማስተካከል ካስፈለገ በስካልፔል ወይም በመቀስ ይቆረጣል፤ ካውተሪ (በሙቀት የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ) አይነካው፣ ያቀልጠዋል፤ በዝግታ ካልሆነ በስተቀር ድሪል አይደረግ፣ የድሪሉ ሰበቃ ራሱ 60 ዲግሪ ያልፋል፣ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። ብሎን ጠጣሮቹ ጆሮዎች ላይ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ወራት የኤክስሬይ ምስል ላይ ኢምፕላንቱ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሴራሚኩ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ጠፋ ብሎ ማንም እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ይነገር።

ሁለት ኢምፕላንት አትማችሁ ሁለቱንም ስቴራላይዝ አድርጉ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ። ያልተከፈተው ሁለተኛው ለሌላ ሰው አይሆንም፣ ለዳግም ስቴራላይዜሽንም አይላክም፤ ከምስክር ኩቡ፣ ከስካኑ ቀን፣ ከጸደቀው ፋይል ቅጂ፣ ከፒሲኤሉና ከቲሲፒው የምርት ቁጥር ጋር በታካሚው መለያ ቁጥር ተሰይሞ መዝገብ ቤት ይገባል።